የትምህርት ቤት መንገድ ፊዚክስ፦ ከልደታ የተወሰደ ስሌት

እንደሚታወቀው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ልጆች ስለ መጓጓዣ ይማራሉ። መጓጓዣ የየብስ፣ የውኃና የአየር ተብሎ እንደሚከፈል፣ አህያና በቅሎ ባህላዊ፣ መኪና፣ ባቡርና አውሮፕላን ደግሞ ዘመናዊ እንደሚባሉ በቃላቸው ይይዛሉ። ይህ ዕውቀት ጠቃሚ ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ልጁ በዚያው ዕለት ጠዋት ራሱ ስላደረገው ጉዞ ምንም አይጠይቅም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት ሜትር ነው? በምን መጣ? ለጉዞው ምን ያህል ኢነርጂ ዋለ? ከጉዞው የወጣውን ጭስስ ማን ተነፈሰው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ባላለፈ ስሌት መመለስ፣ እንዲሁም መምህራንና ወላጆች ከልጆች ጋር ሊሠሯቸው የሚችሉ ጥቂት ልኬቶችን ማመልከት ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው የአዲስ አበባው ልደታ ክፍለ ከተማ ነው። ስሌቱ የሚያደርሰንን መደምደሚያ ከወዲሁ መግለጽ ይቻላል፤ ወደ ትምህርት ቤት ከሚጓዙት ሁሉ አካባቢን በጣም ባነሰ መጠን የሚበክለው በእግሩ የሚሄደው ልጅ ሲሆን፣ የብክለቱንና የአደጋውን ዋጋ አብልጦ የሚከፍለውም እርሱ ነው።

ልደታ ምን ያህል ሰፊ ነው?

ለመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ከምንሰጣቸው መልመጃዎች አንዱ የግምት ስሌት ነው። የልደታ ክፍለ ከተማ የቆዳ ስፋት 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመዲናዋ ካሉት ክፍለ ከተሞች ከትንንሾቹ ይመደባል። ቅርጹን ለማቅለል እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ነው ብንል፣ እያንዳንዱ ጎን 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ አራት ማዕዘን ውስጥ አንድ ቤትና አንድ ትምህርት ቤት ያለ ምርጫ በዕጣ ቢቀመጡ፣ በመካከላቸው የሚኖረው አማካይ ቀጥተኛ ርቀት የጎኑ ግማሽ ያህል፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ለመጠማዘዙ ጥቂት ብንጨምርለት 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይራመዳል ብንል፣ 2 ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እንግዲህ በልደታ የሚኖርና በልደታ የሚማር ልጅ፣ ርቀትን ብቻ ካየን፣ መኪና አያስፈልገውም ማለት ነው። በእርግጥም በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ እንደሆኑ የከተማዋ የትራንስፖርት ሰነዶች ያመለክታሉ። ከተማችን የእግረኛ ከተማ ናት።

የኢነርጂ ሒሳብ

30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመራመድ በግምት 100 ኪሎ ጁል ኢነርጂ ያወጣል። ይህም ከአንድ መካከለኛ ሙዝ የሚገኘው ኢነርጂ ሩብ ያህል ነው። በሌላ በኩል በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ የቤት መኪና፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.1 ሊትር ያቃጥላል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል ኢነርጂ ስለሚይዝ፣ መኪናው ለዚያው አንድ ኪሎ ሜትር 3200 ኪሎ ጁል ይፈጃል፤ ልጁ በእግሩ ቢሄድ ከሚያወጣው 32 እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ኢነርጂ የት ይሄዳል? በከተማ ጉዞ ከቤንዚኑ ኢነርጂ ጎማውን ለማሽከርከር የሚውለው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጎማው ላይ የደረሰው አንድ አምስተኛም ቢሆን የሚያንቀሳቅሰው በዋናነት መኪናውን ነው። መኪናው 1200፣ አሽከርካሪው 70፣ ልጁ 30 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ከጠቅላላው 1300 ኪሎ ግራም የልጁ ድርሻ 2.3 በመቶ ነው። ሁለቱን ብናባዛ ልጁን በትክክል ለማንቀሳቀስ የዋለው ከቤንዚኑ ኢነርጂ 0.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ወላጅ 100 ብር ለቤንዚን ቢከፍል፣ ልጁን ያንቀሳቀሰው 50 ሳንቲም ለማይሞላው ድርሻ ነው፤ የቀረው ብረት ለማንቀሳቀስና አየር ለማሞቅ የዋለ ነው።

ከአንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ቁጥር ልጆችን ያስገርማቸዋል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ አንድ ኪሎ ግራም አይሞላምና። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤንዚኑ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል። በእያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን ላይ 32 ግራም ኦክስጅን ተጨምሮ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ክብደቱ የጨመረው ከምንተነፍሰው አየር በተወሰደ ኦክስጅን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንዝጋ። ወላጅ ልጁን በጠዋት አድርሶ ቢመለስ፣ ከሰዓት በኋላም መጥቶ ቢወስደው፣ መኪናው በቀን የሚጓዘው የርቀቱን አራት እጥፍ ነው። ለ2 ኪሎ ሜትር ርቀት በቀን 8 ኪሎ ሜትር፣ 0.8 ሊትር ቤንዚንና 1.8 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በ200 የትምህርት ቀናት ሲባዛ ወደ 370 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ ቃጠሎ በዓመት የሚደርሰው አማካይ ድርሻ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለሆነም የአንድ ልጅ የግማሽ ሰዓት መንገድ በመኪና ሲተካ፣ የአንድን ዜጋ የዓመት ድርሻ ከሁለት እጥፍ በላይ ያስከትላል።

ርቀቱ ሲረዝም

ከላይ የተሰላው ልጁ በሚኖርበት አካባቢ ይማራል በሚል ግምት ነው። ይሁንና የልደታ ታሪክ ይህ ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ ያሳየናል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በልደታ የነበረው የቆየ ሰፈር በመልሶ ማልማት መርሐ ግብር ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና የንግድ ማዕከላት ተሠርተዋል። ከነባሮቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም በመሐል ከተማ ከነበሩ ሰፈሮች በርካታ ቤተሰቦች ወደ ዳር ተነሥተዋል።

ቤት በአንድ ሳምንት ሊለወጥ ይችላል፤ ትምህርት ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ወላጅ ሥራው በመሐል ከተማ ከሆነ፣ ልጁም የለመዳቸው መምህራንና ጓደኞች ካሉት፣ ቤተሰቡ ዳር እየኖረ ልጁን በቀድሞው ትምህርት ቤት ማስተማር ይመርጣል። በዚህ ጊዜ 2 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሰዓት የነበረው የእግር ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚጠይቅ በእግር መሄድ ምርጫ መሆኑ ያበቃል።

እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር መጓጓዣውን ስንት ሰው ይጋራዋል የሚለው ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር የአንድ ጊዜ ጉዞ የሚከተለውን ግምት እንውሰድ። አንድ ልጅ ብቻ የያዘ የቤት መኪና 1 ሊትር ቤንዚን ሲያቃጥል፣ ለልጁ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሰዋል። 12 ልጆች የያዘ የናፍጣ ሚኒባስ ሰርቪስ 1.2 ሊትር ቢፈጅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 0.27 ኪሎ ግራም ነው። 60 ሰዎች የጫነ የከተማ አውቶቡስ 3 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ፣ ለእያንዳንዱ 0.14 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ግዙፉና ጭሱ የሚታየው አውቶቡስ፣ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ፣ ከንጹሑ የቤት መኪና 16 ጊዜ ያህል ያነሰ ካርቦን ያወጣል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነውና። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ይህ ባቡር ሁለት መስመሮች ሲኖሩት፣ ሁለቱም በልደታ በኩል ያልፋሉ። በመሆኑም ክፍለ ከተማው ከዳር ለሚመጣ ተማሪ በባቡር ለመድረስ ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ሆኖም ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ቀንሶ፣ ጥበቃውና መጨናነቁ ጨምሯል። ንጹሕ መጓጓዣ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ልጁ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያመልጠው መድረስ አለበት።

የጠዋት አየር

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉዳቱ የዓለም ነው፤ ጊዜውም ረጅም ነው። በልጁ ላይ በዚያው ጠዋት የሚደርሰው ጉዳት ግን ከደቃቅ ብናኝ የሚመጣ ነው። ፒኤም 2.5 በመባል የሚታወቀው ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ማለትም የራስ ጠጉር ውፍረት ሃያኛ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ በአፍንጫ ተጣርቶ አይቀርም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። በጣም ቀላል በመሆኑም ቶሎ አይዘቅጥም። ስፋቱ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነ ብናኝ ነፋስ በሌለበት አየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። መኪናው ካለፈ በኋላም ጭሱ እዚያው ይጠብቀናል ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በጥቁር አንበሳ ግቢ መሣሪያ ተክለው ለሦስት ዓመታት ያህል ያለማቋረጥ ይህን ብናኝ ለክተዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት አማካዩ መጠን በሜትር ኩብ አየር 42 ማይክሮ ግራም ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው መመሪያ ለዓመታዊ አማካይ የሚፈቅደው 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ልኬቱ መጠኑ በጠዋት ከፍ እንደሚል፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ እንደሚል፣ ከሳምንቱ ቀናትም እሑድ ዝቅተኛው እንደሆነ አሳይቷል።

ጠዋት ለምን ከፍ ይላል? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሥራና የትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ነው፣ በየቤቱም ምድጃ ይነድዳል። ሁለተኛው ምክንያት ፊዚክስ ነው። በተለይ በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ከመሬት ጋር የተነካካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከበላዩ ያለው አየር ግን ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ላይ አይወጣም። ስለሆነም ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ሆኖ ጭሱን ከታች ያፍነዋል። ፀሐይ ከፍ ብላ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ይከፈታል፤ አየሩም ይደባለቃል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ክዳኑ ገና ሳይነሣ ነው።

የከተማችን ከፍታም የራሱ አስተዋጽኦ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። በቂ ኦክስጅን ያላገኘ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን አሟጦ ስለማያቃጥል ጥቁር ጭስ ይተፋል። የጭስ ማውጫው ዝቅ ብሎ የተገጠመ ስለሆነም ወደ ጭሱ ይበልጥ የሚቀርበው የአዋቂ ሳይሆን የልጅ አፍንጫ ነው። ልጅ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳል።

ይህ ምን ያስከትላል ቢባል፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሺህ ልጆች ላይ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት መልስ ይሰጣል። ከፈጣን አውራ ጎዳና በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ያደጉ ልጆች፣ ርቀው ካደጉት ይልቅ የሳንባቸው ዕድገት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የዚያው ጥናት ሁለተኛ ግኝት ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ የአካባቢው አየር በሕግና በቴክኖሎጂ እየጠራ ሲሄድ፣ በኋላ የተወለዱት ልጆች ሳንባ በተሻለ ሁኔታ አድጓል።

ፍጥነትና ሕይወት

ሌላው ዋጋ የትራፊክ አደጋ ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል ኢነርጂ የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምረናል። “ካሬ” የሚለው ቃል የልጅን ሕይወት የሚወስን ቃል ነው። ፍጥነት ከ30 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ጭማሪው ከእጥፍ በታች ቢመስልም፣ ኢነርጂው ወደ 2.8 እጥፍ ያድጋል። ነገሩን ከመውደቅ ጋር ብናመሳስለው፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መገጨት ከ3.5 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአንደኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ግን ከ10 ሜትር ገደማ፣ ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ይሆናል።

ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀትም እንዲሁ ነው። አሽከርካሪው ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ከ13 ሜትር ገደማ በኋላ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን 28 ሜትር ይፈልጋል። ልጁ በ15 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና ከፊቱ ይቆማል፤ ሁለተኛው ፍሬን መያዝ ሲጀምር ልጁ ዘንድ ደርሷል።

ኤሌክትሪክ መኪና መፍትሔ ይሆናልን?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። የታላቁ ኅዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለሆነም በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና በአገራችን ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን ከኃይል ማመንጫም የሚወጣውን ካርቦን ይቀንሳል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ይሁን እንጂ ፊዚክስ ገደቡንም ያሳየናል። ኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከተመሳሳዩ የቤንዚን መኪና ይከብዳል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚይዘው የእንቅስቃሴ ኢነርጂም በዚያው መጠን ይበልጣል። ከጎማና ከመንገድ መፋተግ የሚወጣው ብናኝ አይቀርም። ለአንድ ልጅ የሚይዘው የመንገድ ስፋትም አንድ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ያስወግዳል፤ ሦስተኛውን ፎቅ ግን አያስወግድም።

ልጆች ራሳቸው ሊሠሯቸው የሚችሉ ልኬቶች

ለልጅ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክርና ወቀሳ ነው። በመኪና የመጣውን ልጅ ማሸማቀቅ፣ በእግሩ የመጣውንም ማዘን አያስፈልግም፤ ሁለቱም የመጡበትን መንገድ አልመረጡም። ልጅ የሚያስፈልገው መለኪያ ነው። የሚከተሉት አራት ሥራዎች ምንም ወጪ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የእጅ ማውጣት ቆጠራ። መምህሩ ለአምስት ቀናት በየጠዋቱ በእግር፣ በታክሲ፣ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በሰርቪስና በቤት መኪና የመጡትን ይቆጥርና ልጆቹ በሰሌዳ ላይ ግራፍ ይሠሩለታል።

ሁለተኛ፣ የርምጃ ካርታ። ልጁ የአሥር ርምጃውን ርዝመት በሜትር ለክቶ፣ ከቤቱ ወይም ከታክሲ መውረጃው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለውን ርምጃ ይቆጥራል። በካርታው ላይ ለማቋረጥ የሚያስፈራውን ቦታ በቀይ፣ ጭስ የሚበዛበትን በጥቁር ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ የፍጥነት ልኬት። መምህሩ ባለበት፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ሆነው 50 ሜትር ለክተው ሁለት ምልክት ያደርጋሉ። መኪና ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ለመድረስ 6 ሰከንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50 ነው። የእጅ ስልክ ሰዓት ለዚህ ይበቃል።

አራተኛ፣ የአቧራ ወጥመድ። በነጭ ካርቶን ላይ ቫዝሊን ቀብተው አንዱን በዋናው መንገድ ዳር፣ ሌላውን በግቢው ውስጥ፣ ሦስተኛውን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ለሁለት ቀናት ይሰቅላሉ። የሚያዘው ትልልቁ ብናኝ ቢሆንም ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከመኪና የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከመንገዱ በራቅን ቁጥር በፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ልዩነቱም በመጀመሪያዎቹ 100 ሜትሮች ጎልቶ እንደሚታይ በሌሎች አገሮች በተካሄዱ ልኬቶች ተረጋግጧል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ቢያስረዝምም በውስጥ ለውስጥ መሄድ ለሳንባ ትርፍ ነው።

ከልኬት ወደ ተግባር

ልኬት ለብቻው አየር አያጠራም፤ ለሚመለከተው አካል የሚቀርብ ማስረጃ ግን ይሆናል። ከታንዛኒያዋ ዳሬሰላም የምናገኘው ተሞክሮ ለዚህ ምሳሌ ነው። አሜንድ የተባለው ድርጅት በትምህርት ቤቶች አካባቢ ልጆች የሚጎዱበትን ቦታ እያጠና የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ማቋረጫ በመሥራቱ የልጆች የትራፊክ ጉዳት በ26 በመቶ እንደቀነሰ ጥናት አረጋግጧል። ሥራው በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። ያስፈለገው ሲሚንቶና ቀለም፣ ከዚያም በፊት ልጆቹ የሚሄዱበትን መንገድ መቁጠር ነበር።

በጃፓን የሰፈር ልጆች በአንድ ቦታ ተሰባስበው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየመሩ በቡድን ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የጎረቤት ልጆች ተጠራርተው መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው። በትምህርት ቤቶቻችን በር አንጸባራቂ ልብስ ለብሰው መኪና የሚያስቆሙት ተማሪ ትራፊኮችም የዚሁ መንፈስ ውጤት ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው “መንገድ ለሰው” መርሐ ግብርም ጎዳና ለጥቂት ሰዓታት ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል አሳይቶናል።

በማጠቃለያም፣ ከልደታ የወሰድነው ስሌት ሦስት ነገሮችን ያስረዳናል። የጉዞ ብክለትን የሚወስነው ከሞተሩ ዓይነት በፊት ርቀቱ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሲዛወር ለልጆቹ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት መኖሩ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው። ርቀቱ የማይቀር ሲሆን መጓጓዣን መጋራት ከማንኛውም ቴክኖሎጂ ያልተናነሰ ውጤት አለው። በእግሩ የሚሄደው ልጅ ደግሞ ለአየራችንም ለአገራችን የውጭ ምንዛሪም ባለውለታ ነውና፣ ውለታው በጭስና በአደጋ ሊከፈል አይገባም። ዛሬ በእግሩ የሚሄድ ልጅ መንገዱ ካስፈራውና ካፈነው፣ ነገ አቅም ሲያገኝ የራሱን ልጅ በመኪና ይወስዳል። ያን ጊዜ ከላይ ያየነው 370 ኪሎ ግራም በአንድ ልጅ ሳይሆን በመቶ ሺዎች መባዛት ይጀምራል። ይህ እንዳይሆን ልናደርገው የምንችለው የመጀመሪያ ሥራ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በክፍል ውስጥ “ዛሬ እንዴት መጣችሁ?” ብሎ መጠየቅና መልሱን መቁጠር ነው።